ከሰዓቱ በፊት የልብ ምቱ፦ የረጅም ርቀት የፈረስ ግልቢያ ተወዳዳሪዎች እንዴት ይመረጣሉ?

ፈረስ በወሎ ምድር ያለውን ስፍራ ለመረዳት ሩቅ መሄድ አያስፈልግም። ደሴን መናገሻቸው ያደረጉት ንጉሥ ሚካኤል በፈረስ ስማቸው «አባ ሻንቆ» ይባሉ ነበር፤ በ1888 ዓ.ም. ገና ራስ ሳሉ ወደ ዓድዋ የዘመቱትም በፈረሰኛነቱ የታወቀውን የወሎ ጦር እየመሩ ነው። ዛሬም በደቡብ ወሎ ደጋ ወረዳዎች ፈረስ ገበያተኛ ያደርሳል፣ ሙሽራ ያጅባል፣ በበዓል ቀንም ጉግስ ይጫወቱበታል። በዚሁ በአማራ ክልል፣ በአዊ ዞን፣ በ1932 ዓ.ም. የተመሠረተው የአገው ፈረሰኞች ማኅበር በአሥር ሺዎች የሚቆጠሩ አባላት ያሉት ሲሆን፣ ጥር 23 ቀን በእንጅባራ የሚያከብረው ዓመታዊ በዓል የአገሩን ፈረሰኛ ሁሉ በአንድ ሜዳ ያሰባስባል። በጠቅላላው በአገራችን ሁለት ሚሊዮን ገደማ ፈረስ እንዳለ ይገመታል፤ በአፍሪካ ውስጥ ይህን ያህል ፈረስ ያላቸው አገሮች ጥቂት ናቸው።

ውድ አንባብያን፣ እንዲህ ባለ አካባቢ ያደገ አንድ የደሴ ወይም የኮምቦልቻ ወጣት «በዓለም አቀፍ የረጅም ርቀት ግልቢያ ውድድር ለመሳተፍ እመረጥ ዘንድ ምን ይጠበቅብኛል?» ብሎ ቢጠይቅ ጥያቄው እንግዳ ሊሆንብን አይገባም። መልሱ ግን ብዙዎች የሚጠብቁት ዓይነት አይደለም። በሩጫ ወይም በብስክሌት ፈጣኑ ይመረጣል። በዚህ ስፖርት ዋናው መራጭ የፈረሱ ልብ ነው፤ ሰዓት የሚታየው ልቡ ከፈቀደ በኋላ ነው። ይህ ለምን እንደሆነ በሥነ ሕይወትና በፊዚክስ ዓይን እንመለከታለን፤ ከዚያም የእኛ አገር ፈረሰኛ ከመመረጥ በፊት ስለሚገጥመው አንድ ትልቅ መሰናክል እናነሳለን።

ስፖርቱ ከየት መጣ?

ፈረስን ለረጅም ጉዞ መጠቀም እንደ ሰው ልጅ ታሪክ የቆየ ቢሆንም፣ በደንብ የሚመራው ዘመናዊ ውድድር የተጀመረው እ.ኤ.አ. በ1955 በአሜሪካ ካሊፎርኒያ ነው። ዌንደል ሮቢ የተባለ ነጋዴ ከጥቂት ባልንጀሮቹ ጋር ከታሆ ሐይቅ አካባቢ ተነሥቶ፣ የሴራ ኔቫዳን ተራሮች አቋርጦ፣ 160 ኪሎ ሜትር ያህል ርቀት በአንድ ቀን መጋለብ እንደሚቻል አሳየ። ከዚህ የተወለደው የቴቪስ ዋንጫ እስከ ዛሬ ይካሄዳል። በዚያ ውድድር ቀድሞ ለገባው ከሚሰጠው ዋንጫ ሌላ፣ ከመጀመሪያዎቹ አሥር ፈረሶች መካከል በተሻለ የጤና ይዞታ ለተገኘው የሚሰጥ የሀጊን ዋንጫ የሚባል ሽልማት አለ። ብዙ ጋላቢዎች ከመጀመሪያው ይልቅ ሁለተኛውን መውሰድ ይመርጣሉ ሲባል እንሰማለን፤ ይህ የስፖርቱን ጠባይ ከብዙ መግለጫ በላይ ያስረዳናል።

እ.ኤ.አ. በ1921 የተቋቋመው ዓለም አቀፉ የፈረስ ስፖርት ፌዴሬሽን የረጅም ርቀት ግልቢያን በ1978 ከስፖርቶቹ እንደ አንዱ ተቀበለው። የመጀመሪያው የዓለም ሻምፒዮናም በ1986 ሮም ላይ ተካሄደ። ከዚያ ወዲህ ስፖርቱ ከአውሮፓና ከአሜሪካ አልፎ በተለይ በዓረብ ባሕረ ሰላጤ አገሮች እጅግ ተስፋፋ።

መሰላሉ

ለዓለም አቀፍ ውድድር የሚመረጥ ጋላቢ መሰላል የመውጣት ያህል ደረጃ በደረጃ ያልፋል። ከታች ያለው እርከን የጀማሪዎች ነው። በዚህ እርከን ጋላቢው ከ40 እስከ 80 ኪሎ ሜትርና ከዚያም ጥቂት ከፍ የሚሉ ጉዞዎችን በብሔራዊ ፌዴሬሽኑ ቁጥጥር ሥር ይፈጽማል። እዚህ ላይ አስገራሚው ደንብ የፍጥነት ጣሪያ መኖሩ ነው፦ ጀማሪ በአማካይ በሰዓት ከ16 ኪሎ ሜትር በላይ ከጋለበ፣ ፈረሱ ፍጹም ጤነኛ ሆኖ ቢደርስ እንኳ ጉዞው ለማጣሪያ አይቆጠርለትም። ትዕግሥት መጀመሪያ የሚፈተነው እዚህ ነው። ጉግስ የለመደ ወጣት፣ ሽምጥ መጋለብን የጀግንነት ምልክት አድርጎ ያደገ ወጣት፣ በዚህ እርከን የሚፈተነው በሶምሶማ ሰዓታት መቆየት በመቻሉ ነው።

ከጀማሪው እርከን በላይ ውድድሮቹ በኮከብ ይለያሉ። ባለ አንድ ኮከብ ውድድር 100 ኪሎ ሜትር ገደማ፣ ባለ ሁለት ኮከብ ከ120 ኪሎ ሜትር ጀምሮ፣ ባለ ሦስት ኮከብ ደግሞ ከ140 እስከ 160 ኪሎ ሜትር የሚደርስ ነው። ከአንዱ ወደ ሌላው ለመሸጋገር ዝቅተኛውን «በማጠናቀቅ» ማለፍ ግድ ይላል። ማጠናቀቅ ማለትም የመጨረሻውን መስመር መርገጥ ብቻ ሳይሆን ከዚያም በኋላ በእንስሳት ሐኪም ተመርምሮ «ፈረሱ ጤነኛ ነው» መባል ነው። ቀድሞ የገባ ፈረስ በምርመራው ከወደቀ ውጤት የለውም።

አንባቢ እንዲያስተውለው የምንፈልገው ሌላ ነጥብ አለ። በታችኛው እርከን ሰውየውና ፈረሱ ለየብቻቸው ብቁ ሊሆኑ ይችላሉ፤ ጋላቢው በተለያዩ ፈረሶች ማጣሪያውን ማለፍ ይፈቀድለታል። ወደ ሻምፒዮና ሲደረስ ግን ሁለቱ እንደ ጥንድ አብረው የተፈተኑ መሆን አለባቸው። ይህ ልዩነት ለእኛ አገር ወጣት ምን ትርጉም እንዳለው ወደ ኋላ እንመለስበታለን።

ሻምፒዮና ላይ የእያንዳንዱ አገር ቡድን ውጤት የሚሰላው በሦስቱ የተሻሉ ጥንዶቹ ነው። ስለዚህ የብሔራዊ ቡድን መራጮች ስሌት ቀላል ነው፦ አምስት ፈጣን ነገር ግን ግማሽ መንገድ የሚቀሩ ፈረሰኞች ከማሰለፍ፣ ቢዘገዩም የሚደርሱ ሦስት ማግኘት ይበልጣል። በብዙ ዓለም አቀፍ ውድድሮች ከተነሡት መካከል እስከ መጨረሻው የሚዘልቁት ግማሽ ያህሉ ብቻ መሆናቸው ሲታሰብ፣ የአንድ ጋላቢ የማጠናቀቅ ታሪክ ከምርጥ ሰዓቱ የበለጠ ለምን እንደሚመዘን ግልጽ ይሆናል።

ስልሳ አራት

ውድድሩ በዙሮች ይከፈላል፤ አንድ ዙር ቢበዛ 40 ኪሎ ሜትር ነው። በየዙሩ መጨረሻ የእንስሳት ሐኪሞች ኬላ ይጠብቃል። ፈረሱ ኬላው ከደረሰ በኋላ በተወሰነ ጊዜ ውስጥ፣ ማለትም በመካከለኞቹ ኬላዎች በ15 ደቂቃ፣ የልቡ ምት በደቂቃ ወደ 64 ወይም ከዚያ በታች መውረድ አለበት። ካልወረደ ውድድሩ ለእርሱ አበቃ። ከወረደ ደግሞ ግዳጅ የሆነ ዕረፍት ይወስድና ወደ ቀጣዩ ዙር ይወጣል።

ብልሃቱ ያለው ሰዓቱ የሚቆምበት ቅጽበት ላይ ነው። በመካከለኛ ኬላዎች የጋላቢው ሰዓት የሚቆመው መስመሩን ሲያልፍ ሳይሆን ፈረሱ ለምርመራ ቀርቦ ምቱ 64 ሲሆን ነው። ሁለት ፈረሰኞችን እናስብ። አንደኛው የመጨረሻዎቹን ሦስት ኪሎ ሜትሮች ሽምጥ ጋልቦ ከሁለተኛው በአምስት ደቂቃ ቀድሞ ገባ፤ የፈረሱ ልብ ግን ለመርጋት አሥራ ሁለት ደቂቃ ፈጀ፤ በሕጉ ውስጥ ቢሆንም። ሁለተኛው ኬላው ሲቀርብ ከፈረሱ ወርዶ፣ ልጓሙን ይዞ በእግሩ እየሮጠ ገባ፤ ፈረሱም በሦስት ደቂቃ ውስጥ ተመረመረ። ከኬላው ቀድሞ የሚወጣው ማን ነው? ሁለተኛው፣ በአራት ደቂቃ።

ለመሆኑ 64 የሚለው ቁጥር ከየት መጣ? ያረፈ ጤነኛ ፈረስ ልብ በደቂቃ ከ28 እስከ 44 ጊዜ ይመታል። በሙሉ ኃይሉ ሲጋልብ 220 እና ከዚያም በላይ ይደርሳል። ይህ ሰፊ ልዩነት ፈረስን ከታላላቅ ስፖርተኛ እንስሳት አንዱ ያደርገዋል። ሌላም የተደበቀ መሣሪያ አለው፦ ጣፊያው። ፈረስ ሲያርፍ ከቀይ የደም ሴሎቹ ብዙውን እጅ በጣፊያው ያከማቻል፤ ሥራ ሲጀምር ጣፊያው ተጨማትሮ ያን ሁሉ ወደ ደም ዝውውሩ ይለቀዋል። በዚህም ከደሙ መጠን ውስጥ የቀይ ሴሎች ድርሻ ከመቶ 40 ገደማ ወደ 60 እና ከዚያ በላይ ከፍ ይላል። እንደ ሰው ከሆነ ይህ በሕክምና የሚያስደነግጥ ቁጥር ነበር።

ፈረሱ ሲቆም ጤነኛ ልብ በፍጥነት ይወርዳል። በፍጥነት አልወርድ ካለ ሰውነቱ አሁንም አንድ ነገር እየታገለ ነው ማለት ነው፦ ሙቀት፣ የውኃ እጥረት፣ ወይም ሕመም። እንግዲህ 64 የድካም መለኪያ ብቻ ሳትሆን ድካሙ ወደ አደጋ እየተሻገረ መሆን አለመሆኑን የምታሳይ የድንበር ምልክት ናት። ሐኪሞቹ በዚህ አያበቁም። ድዱን በጣታቸው ተጭነው ደሙ የሚመለስበትን ጊዜ ይቆጥራሉ፤ ከሁለት ሰከንድ በላይ ከፈጀ ያሳስባቸዋል። የአንገቱን ቆዳ ቆንጥጠው ምን ያህል ፈጥኖ እንደሚዘረጋ ያያሉ፤ ሆዱ ላይ ጆሮ ጥለው የአንጀቱን ድምፅ ያዳምጣሉ፤ በመጨረሻም በሶምሶማ አስኬደው ማንከሱን ይመለከታሉ። ከውድድር ከሚወጡ ፈረሶች አብዛኞቹን የሚያስወጣው ማንከስ ነው።

በተለይ የሚማርከን አንድ ቀላል ፈተና አለ። የልብ ምቱ ይለካል፣ ከዚያ ፈረሱ 40 ሜትር ያህል በሶምሶማ ሄዶ ይመለሳል፣ ከመጀመሪያው ልኬት አንድ ደቂቃ ሲሞላ እንደገና ይለካል። ሁለተኛው ቁጥር ከመጀመሪያው እኩል ወይም ያነሰ ከሆነ ጥሩ ነው፤ በአራት ወይም ከዚያ በላይ ከጨመረ ፈረሱ መጠባበቂያውን ጨርሷል ማለት ነው። ይህን ለማድረግ የሐኪም ማዳመጫና ባለ ሰከንድ ሰዓት ብቻ ይበቃል።

ፈረስ ለምን አይጠማውም?

ፈረስ እንደ ሰው በላቡ ይቀዘቅዛል፤ በከባድ ሥራ ላይ በሰዓት ከ10 ሊትር በላይ ላብ ሊያወጣ ይችላል። ነገር ግን የሰው ላብ ከደሙ ይልቅ ጨው ያነሰው ሲሆን፣ የፈረስ ላብ ጨው የበዛበት ነው። ውጤቱ ምን ይሆናል? ሰው ሲያልበው ደሙ ውስጥ የሚቀረው ጨው ስለሚወፍር አንጎሉ «ጠማኝ» ይላል። ፈረስ ግን ውኃውንም ጨውንም አብሮ ስለሚያጣ የደሙ ክምችት ብዙም አይለወጥም፤ ስለዚህ ከሰውነቱ ብዙ ሊትር ጎድሎበት እያለ ውኃ ፊቱ ቢቀርብለት ሳይጠጣ ፊቱን ሊያዞር ይችላል። ጀማሪ ጋላቢ «አልጠማውም» ብሎ ያልፋል። የተመረጠ ጋላቢ ግን ጨው በሚገባ መጠን ከመኖ ጋር እየሰጠ፣ በየምንጩ እያስቆመ፣ ፈረሱ እንዲጠጣ ያግባባል። ጨዎቹ፣ በተለይም ካልሲየም፣ ሲጎድሉ ደግሞ የፈረሱ ድያፍራም ከልቡ ጋር እኩል መምታት የሚጀምርበት ችግር ይከሰታል፤ ጎኑ በልቡ ምት ልክ እርግብግብ ሲል በዓይን ይታያል። ያን ያየ ሐኪም ፈረሱን ከውድድሩ ያስወጣዋል።

ከኮምቦልቻ ወደ ደሴ

እስካሁን ያልነውን በምናውቀው መንገድ ላይ እናሰላው። ኮምቦልቻ ከባሕር ወለል በላይ 1,850 ሜትር ገደማ፣ ደሴ ደግሞ 2,500 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ይገኛሉ፤ በመካከላቸው ያለው ጠመዝማዛ መንገድ ከ25 ኪሎ ሜትር አይበልጥም። አንድ 250 ኪሎ ግራም የሚመዝን የአገራችን ፈረስ፣ ኮርቻውን ጨምሮ 75 ኪሎ ግራም የሚመዝን ጋላቢ ተሸክሞ ሽቅብ ቢወጣ፣ 325 ኪሎ ግራም ክብደት 650 ሜትር ከፍ አለ ማለት ነው። ክብደቱን በስበት ፍጥነት መጨመሪያ (9.8) እና በከፍታው ስናባዛ ወደ 2.1 ሚሊዮን ጁል እናገኛለን።

ጡንቻ ከሚያቃጥለው ኃይል ወደ ሥራ የሚለውጠው ከሩብ አይበልጥም፤ ሦስት አራተኛው ሙቀት ይሆናል። ስለዚህ ዳገቱ ብቻ፣ ወደ ፊት የመራመዱን ድካም ሳንቆጥር፣ በፈረሱ ሰውነት ውስጥ ከ6 ሚሊዮን ጁል በላይ ሙቀት ያመነጫል። ይህ ሙቀት ሳይወጣ ቢቀር የ250 ኪሎ ግራም ሰውነትን ሙቀት በሰባት ዲግሪ ሴንቲግሬድ ገደማ ያሳድገዋል፤ ከ38 ወደ 45 ማለት ነው። ፈረስ ያን ሙቀት ተሸክሞ አይኖርም። አንድ ሊትር ላብ ሲተን 2.4 ሚሊዮን ጁል ያህል ስለሚወስድ፣ ዳገቱን ለመውጣት ብቻ ሁለት ሊትር ተኩል የሚሆን ላብ መትነን አለበት፤ ከላቡ ብዙው ሳይተን በመሬት ላይ ስለሚንጠባጠብ እውነተኛው ኪሳራ ከዚህ ይበልጣል። አየሩ እርጥበት ያዘለ ከሆነ ደግሞ ትነቱ ራሱ ይሰንፋል። እ.ኤ.አ. በ2018 በአሜሪካ ትራየን በተዘጋጀው የዓለም የፈረስ ስፖርት ጨዋታ የረጅም ርቀቱ ውድድር ከተጀመረ በኋላ በሙቀትና በእርጥበት ምክንያት የተሰረዘው በዚህ ፊዚክስ የተነሣ ነው።

ከፍታውም የራሱ ድርሻ አለው። በደሴ የአየር ግፊት በባሕር ወለል ካለው ሦስት አራተኛ ያህል ሲሆን፣ በኮምቦልቻ አራት አምስተኛ ያህል ነው። ስለዚህ ፈረሱ ሽቅብ በወጣ ቁጥር በእያንዳንዱ ትንፋሽ የሚያገኘው ኦክስጅን እያነሰ፣ የሚጠየቀው ግን እየበዛ ይሄዳል። ቁልቁለቱ ደግሞ በሌላ በኩል ይጎዳል፤ ወደ ኮምቦልቻ ሲወርድ ልቡ ቢያርፍም የፊት እግሮቹ ጅማትና መገጣጠሚያ እያንዳንዱን እርምጃ እንደ ፍሬን ይይዛሉ። ሙቀቱም በአራት ዲግሪ ያህል ይጨምራል። ልምድ ያለው ጋላቢ ቁልቁለት ላይ ወርዶ ከጎኑ ይሮጣል፤ ደንቡም ይህን ይፈቅዳል፤ መነሻውንና መድረሻውን መስመር ግን ከኮርቻው ላይ ሆኖ ማለፍ አለበት። በእግሩ ዳገት መውጣትና መውረድ ለለመደ የወሎ ወጣት ይህ አንቀጽ ትልቅ ጸጋ ይመስለናል።

75 ኪሎ ግራም የሚለውን ቁጥር ያመጣነው እንዲያው አይደለም። በአዋቂዎች ሻምፒዮና አንድ ጋላቢ ከነኮርቻው ቢያንስ ይህን ያህል እንዲመዝን ደንቡ ያዛል፤ ቀላል ሰው እርሳስ ጨምሮ ይሞላል። የውድድሩ ዋነኛ ዝርያ የሆነው የዓረብ ፈረስ 425 ኪሎ ግራም ቢመዝን ጭነቱ ከክብደቱ ከመቶ 18 ገደማ ይሆናል። ለ250 ኪሎ ግራሙ የእኛ ፈረስ ግን ከመቶ 30 ነው። ይህ የእኛን ፈረስ ተስፋ የሚያስቆርጥ ቢመስልም፣ እ.ኤ.አ. በ1995 እና በ1996 በቴቪስ ዋንጫ ላይ የተደረገ ጥናት የጋላቢው ክብደት ከፈረሱ ክብደት ጋር ያለው ንፅፅር ለብቻው ማጠናቀቅን አለማጠናቀቅን እንደማይወስን አሳይቷል፤ ይበልጥ የወሰነው የፈረሱ ሥጋና ስብ ይዞታ ነበር። ከሲታ ፈረሶች አልደረሱም። ለእኛ ትምህርቱ ግልጽ ነው፦ በጋው ሲረዝም የጎድን አጥንቱ የሚቆጠር ፈረስ፣ የፈለገውን ያህል ብርቱ ዘር ቢኖረው፣ ለዚህ ስፖርት አይሆንም።

መራጮች ከሰውየው ምን ይፈልጋሉ?

«ፈረስ ያደርሳል እንጂ አይዋጋም» የሚለው የአባቶች አነጋገር እዚህ ላይ ይገለበጣል፤ በዚህ ስፖርት ማድረሱ ራሱ ውጊያው ነው። ስለዚህ መራጮች በመጀመሪያ የሚያዩት ጋላቢው ፍጥነቱን እንዴት እንደሚያከፋፍል ነው። ከዙር ወደ ዙር ሰዓቱ የማይዋዥቅ ጋላቢ፣ የመጀመሪያውን ዙር በርሮ የመጨረሻውን ከሚጎተተው ይመረጣል።

ቀጥሎ የአካል ሚዛኑ ነው። በሶምሶማ የፈረሱ እግሮች በሰያፍ ጥንድ ጥንድ ሆነው ይረግጣሉ፤ ጋላቢውም ከኮርቻው ብድግ ቁጭ እያለ ይከተላል። ለሰዓታት ሁልጊዜ በአንዱ ጥንድ ላይ ብቻ የሚቀመጥ ሰው ሳያውቀው የፈረሱን አንድ ወገን ያደክማል፤ ማምሻውን ሐኪሙ የሚያየው ማንከስ ከዚህ ሊመጣ ይችላል። እግሩ የደከመና ኮርቻው ላይ እንደ ጆንያ የተዘረጋ ጋላቢም የፈረሱን ጀርባ ያቆስላል። የጋላቢው የራሱ የልብና የጡንቻ ብርታት የሚለካው ለዚህ ነው።

ሦስተኛው ለመለካት አስቸጋሪ የሆነው ነው፦ ማቆም መቻል። ሐኪሙ ሳያስቆመው፣ «ዛሬ ፈረሴ ልክ አይደለም» ብሎ በራሱ ፈቃድ የሚወርድ ጋላቢ በመራጮች ዘንድ ነጥብ አያጣም፤ እንዲያውም ያገኛል። በተቃራኒው ፈረሱ በድካም ምክንያት ሕክምና ያስፈለገው ጋላቢ የቅጣት ነጥብ ይመዘገብበታል፤ ነጥቡ ሲጠራቀምም ይታገዳል። እነዚህ ደንቦች የጠነከሩት ያለ ምክንያት አይደለም። በሜዳማ በረሃ ላይ በሚደረጉ ውድድሮች አሸናፊዎች በአማካይ በሰዓት ከ25 ኪሎ ሜትር በላይ መጋለብ ሲጀምሩ የፈረሶች ስብራትና ሞት በዛ፤ የዓለም አቀፉ ፌዴሬሽንም እ.ኤ.አ. በ2015 የተባበሩት ዓረብ ኤምሬትስን ብሔራዊ ፌዴሬሽን ለወራት እስከ ማገድ ደረሰ። በእኛ አስተያየት የስፖርቱ ዕድል የሚወሰነው ይህን የፍጥነት ጥማት መግታት በመቻሉ ላይ ነው።

ድንበር የማይሻገረው ፈረስ

አሁን ወደ ወጣታችን እንመለስ። ፈረሱ ጥሩ ይዞታ አለው፣ ልቡ በአምስት ደቂቃ 64 ይገባል፣ ባለቤቱም ትዕግሥተኛ ነው እንበል። ሆኖም ፈረሱን ይዞ ወደ አውሮፓ ውድድር መሄድ አይችልም። ምክንያቱ የአፍሪካ ፈረስ በሽታ የሚባለው ነው። ይህ በሽታ በቫይረስ የሚመጣ ሲሆን፣ ከፈረስ ወደ ፈረስ የሚያስተላልፉት ከአሸዋ ቅንጣት ብዙም የማይበልጡ ጥቃቅን ትንኞች ናቸው። ከዚህ ቀደም በሽታው ባልነካቸው ፈረሶች ላይ ሲወድቅ ከአሥሩ ዘጠኙን ሊገድል ይችላል። እ.ኤ.አ. በ2020 ታይላንድ ውስጥ ሳይታሰብ ገብቶ ከ500 በላይ ፈረሶችን በመግደሉ ዓለም ለምን እንደሚፈራው ለማየት ችለናል።

ቫይረሱ ዘጠኝ ዓይነት አለው። በአገራችን ከአንድ በላይ ዓይነት መኖሩ በላቦራቶሪ ተረጋግጧል፤ በቢሾፍቱ ሲመረት የቆየው ክትባት ግን የተዘጋጀው ለዘጠነኛው ዓይነት ነው። በሽታው ያለበት አገር ፈረስን ከበሽታው ነፃ ወደ ሆነ አገር ማስገባት በጥብቅ ገደብ የታሰረ ነው። ደቡብ አፍሪካ፣ በፈረስ ስፖርቷ ከአፍሪካ ቀዳሚ የሆነችው አገር፣ እ.ኤ.አ. በ2011 በተነሣ ወረርሽኝ ምክንያት ፈረሶቿን በቀጥታ ወደ አውሮፓ ኅብረት ከመላክ ከአሥር ዓመት በላይ ታግዳ ቆይታለች።

ጋላቢና ፈረስ ለየብቻ ብቁ ሊሆኑ ይችላሉ ያልነው እዚህ ላይ ይጠቅማል። ትንኟ የምታስቀረው ፈረሱን እንጂ ሰውየውን አይደለም። ለአንድ የኢትዮጵያ ወጣት የሚታየው መንገድ፣ በብሔራዊ ፌዴሬሽን በኩል ተመዝግቦ፣ የጀማሪነት ማጣሪያውን ውድድር በሚካሄድበት አገር በኪራይ ወይም በውሰት ፈረስ ማለፍ፣ ከዚያም ከአንድ ፈረስ ጋር ተጣምሮ ኮከብ በኮከብ መውጣት ነው። ወጪው ቀላል አይደለም፤ የማይቻል ግን አይደለም። ከሰው ፈረስ ጋር በአጭር ጊዜ መግባባትን ስለሚጠይቅ፣ በልጅነቱ የብዙ ሰው ፈረስ የጋለበ፣ ልጓሙ ሻካራ የሆነውንም ገሩንም ያየ ሰው የተሻለ ዕድል አለው።

ፈረሱስ? ደቡብ አፍሪካ በኬፕታውን ዙሪያ ከበሽታው ነፃ የሆነ ቀጠና ያቋቋመችው ፈረሶቿን አንድ በአንድ መዝግባ፣ እንቅስቃሴያቸውን በፈቃድ አድርጋ፣ በየጊዜው ደም እየመረመረች ነው። እንዲህ ያለ ሥራ ምን እንደሚጠይቅ የሚያውቁ ተቋማት በአካባቢያችን አሉ፤ በደሴ የወሎ ዩኒቨርሲቲ የእንስሳት ሕክምና ትምህርት ቤት፣ በኮምቦልቻ ደግሞ የእንስሳት በሽታ መመርመሪያ ላቦራቶሪ ይገኛሉ። ትንኟ ሙቀትና እርጥበት ትወዳለች፤ በሽታውም በብዛት የሚታየው የክረምቱ ዝናብ ካበቃ በኋላ ባሉት ወራት ነው። ከቦርከና ወንዝ ዳርቻ አንሥቶ እስከ ደሴ ባለው ዳገት ላይ፣ በየመቶ ሜትሩ ከፍታ በፈረስ ጋጥ አጠገብ የብርሃን ወጥመድ ሰቅሎ፣ ከመስከረም እስከ ኅዳር በየሌሊቱ የሚያዙትን ትንኞች ቢቆጥሩ ቁጥሩ በየትኛው ከፍታ እንደሚያሽቆለቁል ይታወቃል። ሰባት ወጥመድ፣ አንድ ማይክሮስኮፕና የሦስት ወር ትዕግሥት የሚጠይቅ፣ ለመመረቂያ ጽሑፍ የሚበቃ ሥራ ነው።